ሳይረንና አንሶላ

አንድ የአምቡላንስ ባለሙያ ነርሲንግ ሊማር ተመዘገበ ሲባል ሁለት ዓይነት ሰው ይስቃል። አንደኛው አብሮት የሚሠራው ነው፤ «ከመኪና ወርደህ አልጋ ልታነጥፍ?» ይላል። ሁለተኛዋ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት፤ «እስከ ዛሬ ሳትማር ነው እንዴ በሽተኛ ስታራግፍብን የኖርከው?» ትላለች። እኔም በሁለቱ ሳቅ መካከል አልፌ ለማታው ክፍለ ጊዜ ተመዘገብኩ፤ ጉርድ ፎቶ ተነሣሁ፤ ነጭ ጋዋን አሰፋሁ።

ሰፈር ውስጥ ግን ወሬው በሌላ መልኩ ደረሰ። እዚያ በአምቡላንስ የሚመጣ ሁሉ ዶክተር ነው። ፓራሜዲክ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሞክሬ ሞክሬ ትቼዋለሁ፤ ባስረዳሁ ቁጥር ትሑት ነው እየተባልኩ ጭራሽ ክብሬ ይጨምራል። ግፊታቸውን ለማስለካት በሬን የሚያንኳኩት እትዬ ነርሲንግ ትምህርት ቤት መግባቴን ሲሰሙ ደረታቸውን ይዘው፣ «ውይ በሞትኩት! ምን አጥፍተህ ነው ዝቅ ያደረጉህ?» አሉኝ።

ለነገሩ ሁለቱ ሙያዎች ከሩቅ ሲታዩ ልዩነታቸው አይገባም። ጓንቱ አንድ፣ መርፌው አንድ፣ የግፊት መለኪያው አንድ። ጠጋ ስል የሚለያቸው ሰዓት ሆኖ አገኘሁት። የእኛ ሥራ ከስልክ ጥሪው እስከ ሆስፒታሉ በር ነው። ከበሩ ወዲያ ያለው የሌላ ሰው ነው።

ከስልክ ጥሪው እስከ በሩ ያለው መንገድ ግን አጭር እንዳይመስላችሁ። በመጀመሪያ፣ ለማን ይደወላል? አዲስ አበባ ውስጥ ለእሳትና ለድንገተኛ አደጋ 939 አለ፤ ቀይ መስቀል 907 አለ፤ ፖሊስ 991 አለ። ሰው ግን ከሁሉም አስቀድሞ የሚደውለው ሆስፒታል የሚሠራ ዘመድ ላለው ጓደኛው ነው። ዘመድየው ተፈልጎ፣ ተገኝቶ፣ «ምን ትጠብቃላችሁ? አምቡላንስ ጥሩ እንጂ!» ካለ በኋላ ነው ወደ እኛ የሚዞሩት። ቀጥሎ አድራሻ ይመጣል። «ድሮ ወፍጮ ቤት የነበረበትን ታውቁታላችሁ? እሱን አልፋችሁ አረንጓዴው በር ጋ ስትደርሱ ደውሉልኝ።» ወፍጮ ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል፤ አረንጓዴው በርም ባለፈው እንቁጣጣሽ ቡናማ ተቀብቷል። ደግነቱ ሾፌራችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው ሰው፣ ከተማዋን የሚያውቃት ከነፈራረሰው ስለሆነ አይጠፋበትም።

ቤቱ ኮንዶሚኒየም ከሆነ በሽተኛው አራተኛ ፎቅ ነው። ሁልጊዜ አራተኛ ፎቅ ነው። እነዚያ ባለ አራት ፎቅ ብሎኮች አሳንሰር የላቸውም፤ ምድር ቤት የሚኖር ሰው ታሞ እንደሚያውቅ እጠራጠራለሁ። ደረጃው ሲታጠፍ ቃሬዛው አይታጠፍም። ላይ ስንደርስ ደግሞ የሰፈሩ ሕክምና ተጠናቆ ይጠብቀናል፤ ራሱን የሳተው ውኃ ተረጭቷል፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ክብሪት ተጭሮ አፍንጫው ሥር ተይዞለታል፣ የተቃጠለው የጥርስ ሳሙና ተቀብቷል። የእኛ ሕክምና የሚጀምረው መስኮት በመክፈትና ግማሹን ሰው ወደ ውጭ በመሸኘት ነው። የተሸኘው ግማሽ ወርዶ አምቡላንሱ ውስጥ ቦታ ይዞ ይጠብቀናል።

መንገድ ላይ ሳይረን እንከፍታለን። ከፊታችን ያለው መኪና እግዜር ይስጠው፣ ዳር ይይዛል። ችግሩ ከኋላችን ነው። አንድ ሚኒባስ እኛ የከፈትነውን መንገድ ከእኛ ጋር ሊካፈል ተጣብቆን ይነዳል፤ ወያላው በመስኮት ወገቡ ድረስ ወጥቶ «አሳልፉን! አሳልፉን!» ይላል። አንዳንዴ እኛ ሆስፒታል ስንታጠፍ ቅር የሚላቸው ይመስለኛል።

በመጨረሻ በሩ ጋ እንደርሳለን። «አልጋ የለም» ይባላል። እንከራከራለን፤ እንለምናለን፤ ኦክስጅናችን የት እንደደረሰ እያየን እንጠብቃለን። ከዚያ የሆነ ቦታ ይገኛል፤ በሽተኛውን እናስረክባለን፤ እናስፈርማለን፤ ቃሬዛውን ወልውለን እንሄዳለን። ያ ሰው ዳነ? እግሩ ተረፈ? ሚስቱ መጣችለት? አናውቅም። የሰውን ታሪክ ከመሐሉ ገብተን ከመሐሉ የምንወጣ ሰዎች ነን። ነርሲንግ እንድማር የገፋፋኝ፣ የደመወዙን ነገር ሳልክድ፣ ይኼ ይመስለኛል። በሩ ሲዘጋ ውጭ መቅረቱ ሰለቸኝ።

የማታው ትምህርት ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ይጀምራል። እኛ ጣቢያ ተረኛ ጠዋት 2 ሰዓት ገብቶ በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ይወጣል። ሌሊቱን ስሮጥ አድሬ፣ ቀን የተገኘውን ያህል አሸልቤ ክፍል ስገባ፣ አጠገቤ የሚቀመጡት ከእኔ በዐሥር ዓመት የሚያንሱ ልጆች ናቸው። ወዲያው «ፋዘር» የሚል ስም ወጣልኝ። ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ሀንድአውት ሲለቀቅ «ፋዘር አይቶታል?» ይባላል። የቡድን ሥራ ሲከፋፈል «ፋዘር ፕሪንት ያስወጣ፣ ደመወዝተኛ ነው» ተብሎ በሙሉ ድምፅ ይወሰናል። የቆመ ልብ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ እንዴት እንደሚጫኑት እጄ የሚያውቅ ሰው፣ በቡድኑ ውስጥ ያለኝ ድርሻ ስቴፕለር ይዞ መምጣት ሆነ።

የመጀመሪያው ኮርስ የሚከፈተው በፍሎረንስ ናይቲንጌል ነው። በ1854 እ.ኤ.አ. 38 ነርሶች አስከትላ በክሪሚያ ጦርነት ለቆሰሉ የእንግሊዝ ወታደሮች ወደ ስኩታሪ ሄደች፤ ጽዳትና ንጹሕ አየር ስንቱን እንደሚያተርፍ አሳየች፤ ሟቾቹን በየምክንያታቸው ቆጥራ በሥዕል ለሹማምንቱ አቀረበች። እስከዚህ ድረስ ተስማምተናል። ኋላ ግን በ1859 እ.ኤ.አ. የታተመው ስለ ነርስነት የጻፈችው መጽሐፍ መጣ። ሴትዮዋ ለጫጫታ ብቻ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥታለች። በሽተኛ ክፍል ውስጥ መንሾካሾክ አይሆንላትም፤ የቀሚስ ኮሽታ እንኳ ያስቆጣታል። እኔ ደግሞ ጣሪያው ላይ ሳይረን ከተተከለበት መኪና ወርጄ ነው ክፍል የገባሁት። ሥዕሏ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ፋኖሷን ይዛ ወደ እኔ ታያለች። እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ዓይኗን እያየሁ አልተቀመጥኩም።

ከእሷ ይልቅ ልቤ የወደደው የእኛዋን ነው። ልዕልት ፀሐይ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በስደት እንግሊዝ ሳሉ ለንደን ውስጥ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በተባለው የሕፃናት ሆስፒታል ነርሲንግ ተምረው በ1939 እ.ኤ.አ. ተመርቀዋል። አገር ነፃ ወጥቶ በተመለሱ በዓመቱ፣ በ1942 እ.ኤ.አ.፣ ገና በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። በስማቸው የተሠራው መታሰቢያ ሆስፒታል ነው ኋላ የጦር ኃይሎች የሆነው። ይህን ለጋሼ በደስታ አደረስኩለት፤ «የንጉሥ ልጅ አልጋ አንጥፈዋል፤ አንተ በእኔ ትስቃለህ!» አልኩት። ጋሼ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ አሰበበት። «የንጉሥ ልጅ አልጋ ሲያነጥፉ ትሕትና ነው። አንተ ስታነጥፍ አልጋ ማንጠፍ ነው» አለኝ።

ደግሞም እንደ ቀልድ የሚነጠፍ አልጋ አይደለም። ልምምድ ክፍል ውስጥ ሲስተር፣ የምታስተምረን አንጋፋ ነርስ፣ አንሶላውን ዘርግታ፣ ጥጉን በአርባ አምስት ዲግሪ አጥፋ፣ ፍራሹ ሥር ወትፋ አሳየችን። ከዚያ «ቀጥል» አለችኝ። እኔ የለመድኩት ቃሬዛ ነው፤ ጎትቶ፣ ወርውሮ፣ ቀበቶ አስሮ «ንዳው!» ማለት። አንሶላውን በአምቡላንስ ፍጥነት አነጠፍኩና ዞር ስል ሲስተር መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ታየኛለች።

«ማን እያባረረህ ነው?»

ይቺ ጥያቄ ትምህርቱን እስክጨርስ ተከትላኛለች። መርፌ ሳዘጋጅ፣ ቁስል ስጠርግ፣ በሽተኛ ሳጎርስ «ማን እያባረረህ ነው?» የአንሶላው ነገር ለካ ለውበት አይደለም። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው ጀርባ ሥር አንዲት የአንሶላ እጥፋት ካደረች፣ ከእርጥበትና ከሰውነቱ ክብደት ጋር ተዳምራ ቆዳውን ታቆስለዋለች። አንዴ ከቆሰለ ደግሞ ለመዳን ወራት የሚፈጅ ጊዜ አለ። ለዚህ ነው እንዲህ ያለው በሽተኛ በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ የሚቀየረው። እኛ ዘንድ ሁለት ሰዓት አብሮን የቆየ በሽተኛ የለም፤ ካለም መንገድ ተዘግቷል ማለት ነው።

የግሉኮሱ ሂሳብ ሌላ ጉድ ነበር። ደም ፈሶት ለመጣ ሰው መንገድ ላይ ቧንቧው ወለል ተደርጎ ይከፈትና ይወርዳል። ክፍል ውስጥ ግን ጥያቄው እንዲህ ነው፤ 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት እንዲያልቅ ታዟል፤ አንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ነው፤ በደቂቃ ስንት ጠብታ? ብዙ ተባዝቶ ብዙ ተካፍሎ 41.67 ይመጣል። የጠብታ ሁለት ሦስተኛ ስለማይገኝ 42 ይባላል። ከዚያ ሰዓትን ይዞ፣ ጠብታውን እያዩ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆሞ መቁጠር ነው። አንድ ደቂቃ ሙሉ ምንም ሳያደርጉ ቆሞ መቁጠር እንዴት ያለ ፈተና እንደሆነ ሳይረን ለለመደ ሰው ብቻ ነው የሚገባው።

የሚብሰው ቋንቋው ነው። «የሳንባ ምች» ማለት የሐኪሙ ድርሻ ነው። ነርስ የራሷ መለያ አላት፤ «በአክታ መብዛት የተነሣ የአየር መንገድን የማጽዳት አቅም ማነስ፣ ማስረጃው የትንፋሽ መፍጠንና ደረት ላይ የሚሰማው ድምፅ» ብላ ትጽፋለች። ከዚያ ግብ ታወጣለች፣ ታቅዳለች፣ ትሠራለች፣ መልሳ ትመዝናለች። መጀመሪያ ሳቅሁ። ቆይቶ ግን ነገሩ ገባኝ፤ በሽታው የሁሉም ሳንባ ምች ነው፣ ማሳል ያቃታቸው ሽማግሌ ግን እኚህ ናቸው። ገባኝ ማለት ግን ጎዳኝ ማለትም ነው። አንድ ሌሊት በሬዲዮ ስለ አንድ በሽተኛ ስናገር ሳላውቀው «የጋዝ ልውውጥ መጓደል ይታያል፣ ማስረጃውም...» ብዬ ጀመርኩ። ከወዲያ በኩል ጥቂት ዝምታ ሆነና፣ «ወንድሜ፣ ይተነፍሳል አይተነፍስም?» ተባልኩ።

ቨርጂኒያ ሄንደርሰን የምትባል አሜሪካዊት የሰውን መሠረታዊ ፍላጎት 14 ብላ ዘርዝራለች፤ ነርስ የምትረዳው ሰው እነዚህን ራሱ ማድረግ እስኪችል ነው። መተንፈስ አንደኛ ነው። መብላትና መጠጣት ይቀጥላል። አምስተኛው መተኛትና ማረፍ ነው፤ ዐሥራ ሦስተኛው መጫወትና መዝናናት፤ ዐሥራ አራተኛው መማር። ዝርዝሩን ራሴ ላይ ሞከርኩት። እተነፍሳለሁ። እማራለሁ። መሐል ያለው አጠያያቂ ነው። መብላትን በተመለከተ፣ በጣቢያችን የታወቀ ሕግ አለ፤ ሽሮው ፈልቶ እንጀራው ሲቀርብ ስልኩ ይጮኻል።

እናቶችና ወሊድ ላይ ስንደርስ አገር ቤት የገባሁ መሰለኝ። የውጭ መጽሐፉ የመውለጃ ቀን ሲያሰላ ሦስት ወር ወደ ኋላ፣ ሰባት ቀን ወደ ፊት ይላል። በእኛ አቆጣጠር ይህ ሁሉ ጣጣ የለም፤ ወሩ ሁሉ 30 ስለሆነ ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን መደመር ነው፤ 280 ቀን ልክ ይሞላል። ጳጉሜን ካቋረጠ ዐሥሩ ቀን አምስት ይሆናል፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች አራት። እናቶቻችን ደግሞ ቀኑን በቁጥር አይናገሩም። «መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?» ስትባል «የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት» ትላለች። ታኅሣሥ 19 ነዋ! ዘጠኝ ወር ሲደመር መስከረም 19፤ ጳጉሜን ስላለፈች አምስት ቀን፤ መስከረም 24። በሰባት ቀኑ መጽሐፍ የሚሰቃዩት ልጆች አፋቸውን ከፍተው ሲያዩኝ፣ ፋዘር መባሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ።

የወሊዱ ሎግ ቡክ ግን አዋረደኝ። ተማሪ ያዋለደውን እየመዘገበ ያስፈርማል። በአምቡላንስ ሥራ ውስጥ የቆየ ሰው ሕፃን ሳይቀበል አይቀርም፤ አገልግሎቱን ከሚፈልጉት መካከል ምጥ የያዛቸው እናቶች ብዙ ናቸው፤ ሕፃን ደግሞ የትራፊክ መብራት አይጠብቅም። ይቆጠርልኝ እንደሆነ ጠየቅሁ። «ማን አይቶሃል?» አለችኝ ሲስተር። «ሾፌሩ» አልኩ። «ሾፌር አይፈርምም» አለች። ጋሼ ይህን ሲሰማ እውነተኛ ቅሬታ ነው ያደረበት። «መብራቱን ማን ያዘልህ? ብርድ ልብሱን ማን ሰጠህ? 'በርቺ' እያለ ማን ጮኸ?» አለኝ። ልክ ነው፤ በተለይ ጩኸቱ።

ጋሼን እንዲህ ሳወራው በትምህርቱ ያልገባበት እንዳይመስላችሁ። ሆስፒታል በር ላይ ስንጠብቅ ሀንድአውቴን ተቀብሎ ይጠይቀኝ ጀመር። «ፖታስየም?» ይላል። «ከ3.5 እስከ 5» እላለሁ። «ሶዲየም?» «ከ135 እስከ 145።» ወረቀቱን ሳያይ «ትክክል» ማለት ሲጀምር ነው ነገሩ ያሰጋኝ። አንድ ቀን ቃሬዛ ይዘን ስንወጣ፣ ኩላሊታቸውን ለሚያማቸው ሰውዬ ቤተሰቦች «ሙዝ አታብዙባቸው» ሲል ሰማሁት። ከእኔ በፊት እንዳይመረቅ ፈርቻለሁ።

ከዚያ የሆስፒታል ልምምድ መጣ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በር ላይ «አልጋ የለም» ያለችኝ ነርስ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ወረቀት ይዛ የተማሪ ስም ትጠራለች። የእኔ ጋ ስትደርስ ቀና አለች። ወረቀቱን አየች። መልሳ እኔን አየች። «አንተን ነው የምገመግመው?» አለች፤ ፊቷ ላይ የታየው ደስታ ዓመት በዓል ይመስል ነበር።

ከበሩ ወዲህ ሆኜ ሳየው «አልጋ የለም» ብዙ ዓይነት ነው። አልጋ ኖሮ ፍራሽ የሌለበት አለ። ፍራሽ ኖሮ አጠገቡ የኦክስጅን መስመር የሌለበት አለ። ሁሉም ተሟልቶ፣ ተሽሎት የወጣው ሰው ወሳጅ ዘመድ አጥቶ ከነፌስታሉ የተቀመጠበት አለ። አንዷ ነርስ ይህን ሁሉ በራሷ ይዛ፣ መድኃኒት በሰዓቱ እየሰጠች፣ «ጓንት ግዙ» የተባለ አስታማሚ እየፈለገች፣ ስልክ እያነሳች ትዞራለች። እሷ ግን አትሮጥም። ይኼን ነው ያስተዋልኩት። ፈጥና ትራመዳለች፣ አትሮጥም፤ እሷ ከሮጠች ክፍሉ ሙሉ ሰው ይደነግጣል።

በዚህ መሐል ውጭ የማውቀው ሳይረን ጮኸ። በድምፁ መኪናችን መሆኑን ለየሁ። ነርሷ ሳቋን ይዛ፣ «ሂድ፣ አንተ አነጋግራቸው። ቋንቋቸውን ታውቃለህ» አለችኝ። በሩን ስከፍት ጋሼና በእኔ ቦታ የገባው ልጅ ቃሬዛ ይዘው ቆመዋል። እኔ ነጭ ጋዋን ለብሼ በሩ መሐል ቆሜያለሁ። ከኋላዬ የአንድ አልጋ አንሶላ እየተቀየረ ነው።

«ትንሽ ቆዩ» አልኩ።

ጋሼ ከእግር እስከ ራስ አየኝ። «ትንሽ ማለት ስንት ጠብታ ነው?» አለ።

ዋርድ ስገባ ነው የተመኘሁትን ያገኘሁት። አንዲት እናት አሉ፤ ወድቀው ዳሌያቸው የተሰበረ። ለተራ ልምምድ አጠገባቸው ስደርስ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩኝ።

«አንተ! ደረጃው ላይ 'አይዞዎት፣ ደረስን' እያልክ የዋሸኸኝ አይደለህም?»

እኔው ነበርኩ። ገና ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው ያልኳቸው፤ እሱንም ያስታውሳሉ። በእኛ ሥራ እንዲህ ያለ ውሸት በሰከንድ ይረሳል፤ የዋሸኸው ሰው በማግስቱ ቁርሱን አጠገብህ ሆኖ አይበላም። እሳቸው ግን በማግስቱም ነበሩ። በማግስቱ ማግስትም ነበሩ። በየሁለት ሰዓቱ ጎናቸውን ስቀይር «ቀስ!» ይሉኛል፤ ቀስ ስል «አሁን ደግሞ ተኛህብኝ» ይሉኛል። አጥሚቱ ቀጠነ፤ ትራሱ ጎረበጠ፤ አጠገባቸው ያሉት ሴትዮ ሌሊት ያንኮራፋሉ። ሬዲዮ ላይ ቢሆን «ዳሌ፣ ሴት፣ ንቁ» ተብለው የሚያልፉ ሰው፣ ለካ የሚወዱት ዘፋኝ አላቸው፣ የሚያስቸግር አማች አላቸው፣ የእግዜር ሰላምታ ያልሰጣቸውን ሐኪም መድኃኒት አይውጡም። ኬር ፕላናቸውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ከሕመም የተነሣ የመንቀሳቀስ አቅም ማነስ» ብዬ ጀምሬ፣ ግቡ ጋ «ተደግፈው ይቆማሉ» አልኩ። በትክክል ተደግፈው ቆሙ፤ የተደገፉት እኔን ነው፤ ቆመው ያሉት የመጀመሪያ ነገር «ይኼ ጋዋን አልታጠበም» ነው።

ቤተሰቦቻቸው ሊወስዷቸው የመጡ ቀን እንዳልተቀየሙኝ አረጋገጡልኝ፤ «አድራሻውን ታውቀዋለህ። አራተኛ ፎቅ ነው። ያለ ቃሬዛ ና።»

አሁን የቀረኝ የመውጫ ፈተና ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በየትኛውም የትምህርት ዘርፍ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚይዝ ሁሉ የሚፈተነው ነው፤ ከመቶ 50 ያላመጣ ዲግሪው አይሰጠውም። ልምምድ የምሠራባቸው ጥያቄዎች አንድ ጠባይ አላቸው፤ አራቱም ምርጫዎች ልክ ናቸው፣ የሚጠየቀው «በቅድሚያ የምታደርገው የቱ ነው?» ነው። የእጄ ልማድ «ጭነህ ሂድ» የሚለውን ይፈልጋል። እንዲህ የሚል ምርጫ አንድም ጊዜ አላየሁም።

ጊዜውን ከየት አመጣኸው ካላችሁኝ፣ ገዝቼ ነው። በጣቢያችን ተረኝነት ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ይበደራል። ተራ ቀን በተራ ቀን ይለወጣል። የቅዳሜ ሌሊት ዋጋው ከፍ ይላል። ዓመት በዓል በሁለት ቀን ይመነዘራል። ከድሮም የቆየ ደግሞ ማንም ያልጻፈው ስምምነት አለን፤ ሙስሊሞቹ ባልደረቦቻችን ገናንና ፋሲካን ይሸፍኑልናል፣ እኛ ዒድንና አረፋን እንሸፍንላቸዋለን። ፈተና በደረሰ ቁጥር የምሸጠው ሳጣ ይህን ስምምነት ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ዒድን የያዝኩት በወጉ ነው። ጥምቀትን በፋርማኮሎጂ ፋይናል ለወጥኩት። ገና በአእምሮ ሕክምና ልምምድ ሄደ። ለመውጫ ፈተናው የጥናት ሳምንት ስፈልግ እጄ ላይ የቀረው ፋሲካ ብቻ ነበር፤ እሱንም ሰጠሁ።

ለእማዬ መንገር ነበረብኝ። በስልክ ነገርኳት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች።

«ጣቢያው ላይ ስንት ሆናችሁ ታድራላችሁ?»

«አምስት። ሦስቱ ሙስሊም ናቸው።»

«እንግዲያው ለአንተና ለሾፌሩ ዶሮውን እልካለሁ። ለልጆቹ ሽሮ በአዲስ ድስት እሠራለሁ፤ እንጀራውንም ለብቻ።» አሁንም ዝም አለችና፣ «ለመሆኑ፣» አለች፣ «ነርስ ስትሆን እንኳ ዓመት በዓል እቤትህ ትውላለህ አይደል?»

ባለፈው ገና ሌሊት ዋርድ ውስጥ የነበሩትን ነርሶች አሰብኳቸው።

«እማዬ፣» አልኳት፣ «ሽሮው ላይ በሶብላ እንዳይረሳሽ።»